ድንጋዩን ከመምታት በፊት

(በሞላሌ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



የሳይንስ መምህራኑ ወደዚህ ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «ልጆቹ ድንጋይ ይዘው ይመጡና ይህ ምንድን ነው ይሉናል። ቤተ ሙከራ የለንም። በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ እንዴት አድርገን እንመልስላቸው?» አሉኝ። ጥያቄውን ወደድሁት። የመንዝ ሰው ቤቱ የድንጋይ ነው፤ የማሳው ካብ የድንጋይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የድንጋይ ነው። እንዲህ ከድንጋይ ጋር የሚኖር ሕዝብ በእጁ ስላለው ድንጋይ ሌላው እስኪነግረው መጠበቅ የለበትም።

ዛሬ የምነግራችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የምንቆምበት ምድር ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳለው። ሁለተኛ፣ ያልታወቀን ድንጋይ በቢላዋ፣ በሎሚ፣ በሲኒ፣ በማግኔትና በሚዛን እንዴት እንደምንመረምር። ሦስተኛ፣ መንዝን በዓለም ገበያ ስላስጠራው ስለ ኦፓል። በሦስቱም ውስጥ ደጋግሜ የምናገረው ሐሳብ አንድ ነው፤ ምርመራችን ሁልጊዜ ድንጋዩን ከማይጎዳው ይጀምር፣ የሚጎዳው መጨረሻ ይምጣ። መዶሻ የመጨረሻው መጨረሻ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ለመግለጽ ከመዘዞ፣ ኦፓል ከወጣበት የመንዝ ስፍራ፣ ልነሣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዚሁ ከመንዝ ምድር የወጣ ኦፓል በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ላይ ብቅ አለ። አብዛኛው መልኩ ቡናማ ነው፤ ብርቱካንማና ቀይ መልክ ያለውም አለ። ድንጋዩ የሚገኘው ድቡልቡል ሆኖ፣ ላዩ ሻካራ ቅርፊት ለብሶ ነው። ከውጭ ላየው ሰው እግር የሚያነቅፍ ተራ ድንጋይ ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን አንዳንዱ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል። ጌምስ ኤንድ ጌሞሎጂ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1996 ስለዚህ የሸዋ ኦፓል ሰፊ ጥናት አወጣ። ያኔ ኦፓል ሲባል የዓለም ገበያ የሚያስበው በዋናነት አውስትራሊያን ነበር፤ የሸዋው መምጣት ትልቅ ዜና ሆነ።

ዜናው ግን ብዙ አልቆየም። ከዚያ ድንጋይ ውስጥ ብዙው ከመሬት ወጥቶ በውስጡ ያለው ውኃ ሲተን ተሰነጠቀ። ገዢው ዛሬ የገዛው ውብ ድንጋይ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አወጣበት። «የኢትዮጵያ ኦፓል ይሰነጠቃል» የሚል ስም ወጣ፤ ስሙም ለዓመታት ተጣብቆ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ፣ ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አጠገብ ሌላ የኦፓል ንብርብር ሲገኝና ድንጋዩም የተሻለ ጽናት ያለው መሆኑ ሲታወቅ ነው ያ ስም መለወጥ የጀመረው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር ይህ ነው፤ ድንጋይ የት እንደተገኘ፣ ምን እንደሆነና ሲቆይ ምን እንደሚሆን ሳይታወቅ ሲሸጥ የሚጎዳው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ስምም አብሮ ይጎዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ምድራችን ምንድን ነው?

ሐኪም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደበላ ይጠይቃል። ድንጋይ መርማሪም እንደዚሁ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ምንም ዕቃ የማይጠይቀው ነው፤ «ይህ ድንጋይ ከየት ተነሣ?» ማለት። ከገደል ወጣ? ከማሳ ተነቀለ? ከወንዝ ወለል ተለቀመ? ወይስ ለመንገድ ሥራ መኪና ያራገፈው ጠጠር ነው? የመጨረሻው ከሆነ ድንጋዩ የዚህ አገር ላይሆን ይችላል።

የመንዝ ደጋ የቆመው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ምድር ተሰንጥቃ በፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ላይ ነው። አንዱ ፈሶ ይቀዘቅዛል፤ ዘመን ያልፋል፤ ሌላው በላዩ ይፈስሳል። ቤት የምንሠራበት ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት የሚባለው፣ ይኸው ነው። ገደል ላይ ቆማችሁ ማዶውን ስታዩ በጥቁሩ መካከል አግድም የተሰመረ ቀይ መስመር አይታችኋል? ያ ቀይ መስመር በሁለት ፍሰቶች መካከል የነበረ ጥንታዊ አፈር ነው፤ በዘመኑ ዝናብ የዘነበበት፣ ምናልባትም ሣር የበቀለበት። ነጣ ወይም ገረጣ ያለ ንብርብር ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ፈንድቶ የወረደ አመድ ሊሆን ይችላል። ይህን መስመር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ስለ ኦፓል ስናወራ እንመለስበታለን።

ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው ደግሞ ሌላ ዓለም ያገኛል። ወንዙ ጥቁሩን ድንጋይ ቆርጦ ስለወረደ ከሥሩ ያለው ተገልጧል፤ የአሸዋ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ጀሶ። የኖራ ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ይህን አገር በሸፈነ ጊዜ በወለሉ የተከማቸ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ነጭ ድንጋይ ይዞ ቢመጣና ከጀማ ነው ቢል መጀመሪያ የማስበው ኖራ ወይም ጀሶ ነው። ያንኑ የሚመስለውን ከጥቁር ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ፈልቅቄ አወጣሁት ቢል ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። የመጣበት ቦታ ሳይነገረኝ ድንጋዩን ብቻ ባየው ሁለቱ ሊምታቱብኝ ይችላሉ።

ይህንኑ ነገር ስለ ሌሎች የከበሩ ድንጋዮችም አስቡት። በጉጂ፣ ሻኪሶ አካባቢ ኤመራልድ ይወጣል። ያ ምድር ግን ከእኛ ጥቁር ድንጋይ እጅግ የሚያረጅ፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ዐለት ነው። በሞላሌ ወንዝ ውስጥ አረንጓዴ የሚያበራ ለስላሳ ነገር ብታገኙ ኤመራልድ ከመሆኑ ይልቅ ውኃ ያለሰለሰው የጠርሙስ ስባሪ መሆኑ ይቀላል። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ድንጋይ የየራሱ ምድር እንዳለው እንድታውቁ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ምርመራው ነው። እጃችሁ ላይ አንድ ያልታወቀ ድንጋይ አለ እንበል። ከማይጎዳው እንጀምራለን ብያለሁ።

መጀመሪያ በዓይን ነው፤ በቀን ብርሃን፣ ደጅ ወጥታችሁ እዩት። ድንጋዩን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። እርጥብ ድንጋይ ሁሉ ያምራል፤ ቀለሙ ይጎላል፤ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ስለዚህ ደርቆ እዩት። ጠርዙን ወደ ፀሐይ ያዙና ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ተመልከቱ። ቀለምን ብዙ አትመኑ፤ አንዱ ማዕድን በአሥር ዓይነት ቀለም ሊመጣ ይችላል። ከቀለም ይልቅ አንጸባራቂነቱን ጠይቁ፤ እንደ መስታወት ነው? እንደ ብረት ነው? እንደ ሰም ነው? ወይስ ፈዛዛ እንደ አፈር? ቀጥሎ የተሰበረ ጎን ካለው ስብራቱን እዩ። እንደ ጠርሙስ ክብ ክብ ሞገድ እየሠራ የሚሰበር፣ ጠርዙም የሚቆርጥ ጥቁር ድንጋይ ባልጩት ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያሉት መልካ ቁንጡሬና ባልጩት የተባሉ ስፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ በዚያ ከሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ለመሣሪያ የሚሆን ድንጋይ የሚመርጡት በአሰባበሩ ነበር። ድንጋይን በስብራቱ መለየት በዚህ አገር ከሁሉ የቆየ ዕውቀት ነው ብል አላጋነንሁም።

ቀጥሎ ማግኔት ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ይገኛል። በክር አንጠልጥላችሁ ወደ ድንጋዩ አስጠጉት። ባዛልት በውስጡ ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ቅንጣት ስላለው ማግኔቱን በጥቂቱ ይስባል። ከወንዝ ዳር ጥቁር አሸዋ ውስጥ ማግኔቱን ብታስገቡት ጥቁር ጢም አብቅሎ ይወጣል፤ እርሱ ማግኔታይት ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ነው፣ ማግኔት ይስባል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ከሰማይ የወረዱ ድንጋዮች አብዛኞቹ ማግኔት መሳባቸው እውነት ነው። ግን ደጃችን ያለው ጥቁር ድንጋይም ይስባል! ስለዚህ ማግኔት የማይስበውን ሊያስወጣልን ይችላል እንጂ የሚስበውን «ይኸው» ብሎ አያረጋግጥልንም። ይህ ለሁሉም የቤት ምርመራ ይሠራል። አንድ ምርመራ በዋናነት የሚነግረን ድንጋዩ ምን እንዳልሆነ ነው። የቀረውን የምናገኘው ብዙ ምርመራ ተባብሮ አንድ መልስ ላይ ሲደርስ ነው።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ለዚህ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል፤ ዛሬ በገበያ በቀላሉ ይገኛል። በመጀመሪያ ድንጋዩን ደረቅ እንደሆነ መዝኑት፤ 60 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ በውኃ የተሞላ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ እስኪጠልቅ አንጠልጥሉት፤ የብርጭቆውን ታችና ጎን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ሚዛኑ አዲስ ቁጥር ያሳያል። 30 ካሳየ 60ን ለ30 አካፍሉ፤ 2 ይመጣል፤ እፍጋቱ ይህ ነው። ድንጋዩ በመጠን እኩል ከሆነ ውኃ ሁለት እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ኦፓል ወደ 2 አካባቢ ነው። ተራ መስታወት 2.5 አካባቢ፣ ኳርትዝ 2.65፣ ከኖራ ድንጋይ ዘር የሆነው ካልሳይት 2.7፣ ባዛልት እስከ 3 ይደርሳል። ማግኔታይትና ሄማታይት የተባሉት የብረት ማዕድናት 5 አካባቢ ናቸው። ንጹሕ ወርቅ 19 ነው። ይህ ምርመራ ድንጋዩን ሳይጭር፣ ሳይሰብር ይህን ያህል ይናገራል። መምህራን ሆይ፣ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ የእፍጋትን ትምህርት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

አራተኛው የዱቄቱ ቀለም ነው። ከዚህ ጀምሮ ድንጋዩን በጥቂቱ መጉዳት እንጀምራለን። የቡና ሲኒ ገልብጡና ታቹን እዩ፤ ከጠረጴዛ የሚገናኘው ቀለበት ብርቅርቁ ቀለም ያልተቀባ፣ ሻካራ ነው። ድንጋዩን እዚያ ላይ ጫን አድርጋችሁ አሽት አድርጉት። የሚቀረው መስመር የማዕድኑ የዱቄት ቀለም ነው፤ ከውጭ ከሚታየው ቀለም እጅግ ይታመናል። ጥቁር የሚያብለጨልጭ ሄማታይት ቀይ ቡናማ መስመር ይተዋል። ማግኔታይት ጥቁር ይተዋል። ወርቅ መስሎ ብዙ ሰው የሚያስጎመጀው ፓይራይት ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ጥቁር ዱቄት ሲሰጥ እውነተኛ ወርቅ መስመሩም ቢጫ ወርቅ ነው። ስንጥር ወርቅ ሲመታ ይሳሳል፣ ይለጠጣል፤ ፓይራይት ይፈረካከሳል። ኳርትዝና የመሰሉት ግን ሲኒውን ራሱን ይጭሩታል እንጂ ዱቄት አይተዉም።

አምስተኛውና ብዙ የምቆይበት ጥንካሬ ነው። ፍሬድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1812 ማዕድናትን በጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ደረደራቸው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል። በጥፍር የሚጫር ከ2.5 በታች ነው፤ ጀሶ ከዚህ ውስጥ ነው። የመዳብ ሽቦ 3 አካባቢ ነው። የብረት ቢላዋና የመስኮት መስታወት 5.5 አካባቢ ናቸው። ኳርትዝ 7 ነው፤ ቢላዋ አይጭረውም፣ እርሱ ግን መስታወትን ያለ ችግር ይጭራል።

ስትጭሩ ሦስት ነገር ጠብቁልኝ። የድንጋዩን የበሰበሰ ቆዳ አትጫሩ፤ ጠንካራ ባዛልትም ላዩ በዝናብና በፀሐይ ተበልቶ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ስብራት ፈልጉ። ከጫራችሁ በኋላ መስመሩን በእርጥብ ጣት ጥረጉት፤ ከጠፋ የድንጋዩ ጭረት አልነበረም፣ ከቢላዋው የተራገፈ ብረት ነው። መስታወቱን ደግሞ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሞክሩ፤ ጠረጴዛ ላይ ይተኛ። ከዚህ ሁሉ ጋር ጥንካሬና አለመሰበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አትርሱ። አልማዝ 10 ነው፣ የሚጭረው ማዕድን የለም፤ በመዶሻ ቢመታ ግን ይሰበራል። «እውነተኛ ከሆነ መዶሻ አይሰብረውም» የሚለው ወሬ ብዙ ውድ ድንጋይ አጥፍቷል።

ስድስተኛው ሎሚ ነው። የኖራ ድንጋይና ካልሳይት አሲድ ሲነካቸው ጋዝ ያወጣሉ። ከድንጋዩ ጥቂት ፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጉ። ጠጋ ብላችሁ፣ ማጉያ መነጽር ካለም በእርሱ፣ እዩት፤ ጥቃቅን አረፋ ከተነሣ ካርቦኔት አለበት። የሎሚ አሲድ ደካማ ስለሆነ አረፋው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ታገሡት። ኦፓል ነው ብላችሁ በጠረጠራችሁት ድንጋይ ላይ ግን ምንም ነገር አታፍስሱ።

አሁን እነዚህን ምርመራዎች በአንድ የመንዝ እንቆቅልሽ ላይ እናሠራቸው። ድንጋይ ፈላጭ ጥቁር ድንጋይ ሲፈልጥ ከውስጡ በአረፋ የተተወ ጉድጓድ ያገኛል፤ ጉድጓዱም በሚያበራ ነጭ ነገር ተሞልቷል። ይህን ያላየ የመንዝ ድንጋይ ፈላጭ ያለ አይመስለኝም። ሰውም «አልማዝ ነው!» ይላል። አልማዝ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ቢላዋ ከጫረውና ዱቄቱ በሎሚ አረፋ ካወጣ ካልሳይት ነው። ቢላዋ ጨርሶ ካልጫረው፣ መስታወትንም ከጫረ፣ ኳርትዝ ወይም የእርሱ ወገን የሆነው ካልሲዶኒ ነው፤ ካልሲዶኒ ሰም የመሰለ ድምቀት አለው፣ መስመር መስመር ሆኖ ሲመጣ አጌት ይባላል፤ ተቆርጦ ሲሞረድም ያምራል። ቢላዋ እንደምንም ከጫረው ግን በሎሚ ካላረፋ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እንደ ጨረር የሚዘረጋ መርፌ ከሆነ፣ ዚዮላይት ነው። ዚዮላይት ለጌጥ ባይሆንም ውኃን ለማጣራትና አፈርን ለማሻሻል በዓለም ላይ የሚያገለግል ማዕድን ነው። አያችሁ? ቤተ ሙከራ አልገባንም፤ ቢላዋ፣ መስታወትና ሎሚ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው ነጥብ ኦፓል ነው።

ኦፓል እንዴት እንደሚፈጠር ያወቀ ሰው የት እንደሚፈልገው ያውቃል። የእሳተ ገሞራ አመድና ራዮላይት የተባለው ገረጣ ያለ ዐለት ብዙ ሲሊካ አላቸው። የከርሰ ምድር ውኃ በእነርሱ ውስጥ ሲያልፍ ሲሊካውን ያሟሟል፤ ክፍተት ባገኘበት ቦታም መልሶ ያከማቻል። ኦፓል ሲሊካና ውኃ ነው። በወገል ጤና የኦፓሉ ንብርብር የሚገኘው በገደል ላይ፣ በእሳተ ገሞራ ዐለት ንብርብሮች መካከል ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው፤ ገደሉን ተከትሎ ግን ረጅም ርቀት ይሄዳል። ቅድም በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ መስመር እንዲህ ላለው ነገር ነው። ኦፓል ፈላጊ በዘፈቀደ አይቆፍርም፤ መስመር ይከተላል።

ቀለሙስ? እ.ኤ.አ. በ1964 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ብርሃን የሚረጨው ውብ ኦፓል በውስጡ እኩል መጠን ያላቸው፣ በሥርዓት የተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ድቡልቡሎች እንዳሉት ደረሱበት። አራት ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ ይከፋፈላል። ቀለሙ ከዚህ የብርሃን መከፋፈል ስለሚመጣ፣ ድንጋዩን ስታዟዙሩት ቀለሙ ይለዋወጣል። የእናንተ የመጀመሪያ ምርመራም ይኸው ነው፤ አዟዙሩት። በሁሉም አቅጣጫ አንድ ቀለም ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ውብ ኦፓል አይደለም።

ቀጥሎ ቅድም እንዳልሁት በደረቁና በውኃ ውስጥ መዝኑት፤ እፍጋቱ ወደ 2 ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ስለሆነ ከመስታወት ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ መጫር ብዙም አያስረዳም፣ ድንጋዩን ግን ያበላሻል። አትጫሩት። የወገል ጤናው ኦፓል አብዛኛው ውኃ ይጠጣል፤ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ክብደቱ ይጨምራል፣ እንደ መስታወት ጠራ ይላል፣ ቀለሙም ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል። ሲደርቅ ይመለሳል። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም፣ ሳሙናም፣ ቀለምም ይጠጣል። ኦፓልን ለማሳመር ዘይት የሚቀቡ ሰዎች ድንጋዩን እየገደሉት ነው። በገበያ ላይ በቀለም ወይም በጭስ የጠቆረ ኦፓል የሚኖረውም በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው።

የእኛው የመንዙ ደግሞ የትዕግሥት ምርመራ ይፈልጋል። ከመሬት የወጣውን ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ፣ በጥላ፣ ለወራት አስቀምጡት። በየጊዜው እያዩ ስንጥቅ ያወጣውንና ያላወጣውን መለየት ነው። ያልተሰነጠቀው ዋጋ አለው፤ ሻጩም አፉን ሞልቶ መናገር ይችላል። ድቡልቡሉን ለመክፈት በመዶሻ አትምቱት! ይህን ጮክ ብዬ የምለው ደጋግሜ ስላየሁ ነው፤ ወጣቶች ውስጡን ለማየት ሲቸኩሉ ለዓመት የሚተርፍ ድንጋይ በአንድ ምት ዱቄት ያደርጉታል። ከዳር በጥቂቱ ሞርዳችሁ ትንሽ መስኮት ክፈቱለት፤ በመስኮቱ ቀለም ካያችሁ የቀረውን በውኃ እየቀዘቀዘ የሚቆርጥ መጋዝ ያለው ባለሙያ ይክፈተው።

የማይደረጉትን ደግሞ በአጭሩ ልንገራችሁ። የመኪና ባትሪ አሲድ ለድንጋይ ምርመራ አትጠቀሙ፤ ዓይን ያጠፋል። ያልታወቀ ድንጋይ እሳት ውስጥ አትጨምሩ፤ ውኃ ያለበት ድንጋይ ሲግል ይፈነዳል። ምላስ ላይ አታድርጉ፤ መርዝ ያለባቸው ማዕድናት አሉ። ድንጋይ የምትሰብሩ ከሆነ ዓይናችሁን ሸፍኑ፤ ሕፃናትም ከአጠገባችሁ ይራቁ። በገደል ሥር ደግሞ ዋሻ ቆፍራችሁ አትግቡ። ደላንታ ላይ ኦፓል ሲቆፍሩ ገደል ተንዶባቸው ሕይወታቸውን ያጡ ወጣቶች አሉ። ከላይ የተቆለለው ዐለት በክረምት ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይላላልም፤ በዚያ ሰሞን በገደል ሥር የሚቆፈር ኦፓል የለም።

የቤት ምርመራ የሚያበቃበት ቦታም አለ። ድንጋዩ ዋጋ ያለው መስሎ ከተሰማችሁ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ባለሙያ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ወይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ክፍል። ቆፍሮ መሸጥ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የባህላዊ ማዕድን አምራቾችን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ስለሆነ ወረዳችሁ ያለው የማዕድን ባለሙያ ዘንድ ቀድማችሁ ሂዱ። ተሰባስባችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ ብቻውን የሚቆፍር ብቻውን ይሸጣል፣ ገዢው የነገረውን ዋጋም ይቀበላል።

ናሙና ስትልኩ ትልቅና ቆንጆ ድንጋይ አትላኩ፤ ጡጫ የማይሞላ ስባሪ ይበቃል። ከእርሱ ጋር አንድ ወረቀት አያይዙ። ወረቀቱ ላይ የተገኘበትን ቀበሌና ጎጥ፣ ከገደል ይሁን ከማሳ ወይም ከወንዝ፣ በላዩና በሥሩ ያለው ድንጋይ ምን እንደሚመስል፣ ቀኑንና ያደረጋችሁትን ምርመራ ከነውጤቱ ጻፉ። ሎሚ አላረፋም፣ ቢላዋ አልጫረውም፣ ማግኔት አልሳበም፣ እፍጋቱ 2.6 ወጣ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የመጣን ናሙና ባለሙያው በአክብሮት ያየዋል፤ ጊዜውንም ያሳጥርለታል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ ደብተር ከፍቶ እያንዳንዱ ልጅ የሚያመጣውን ድንጋይ በዚህ መልክ ቢመዘግብ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የዚህ ወረዳ የድንጋይ መዝገብ ይኖረዋል። ይህን የምጠይቀው ከልቤ ነው። መምህራን፣ ደብተሩን ነገ ጀምሩት።

የእኔ ንግግር እዚህ ላይ ይበቃል። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ድንጋይ ይዞ የመጣ ሰውም ወደ ፊት ይምጣ፤ ከማሳየቱ በፊት ግን ከየት እንዳነሣው ይንገረኝ።